ሁሉም ብሪጁን ጠረጠረ፦ የአንድ ቫዮሊን የክር ከፍታ ጉዳይ

ዳራ

በ2016 ዓ.ም. ጥር ላይ አንዲት የ15 ዓመት ተማሪ ከአባቷ ጋር ቫዮሊኗን ይዛ ቤቴ መጣች። እኔ ቫዮሊን አስተምራለሁ። ጥገና ዋና ሥራዬ አይደለም። ግን አዲስ አበባ ላይ ቫዮሊን እያስተማርክ ቢላና ሞረድ ሳትይዝ ብዙ ዓመት መቆየት ይከብዳል። የተማሪ ዕቃ ይበላሻል፣ ወላጅ ይጠይቃል፣ አንተም ቀስ በቀስ ትለምደዋለህ። እስካሁን ከደርዘን በላይ ብሪጅ ቆርጫለሁ። የመጀመሪያዎቹን ባላወራ ይሻላል።

ቫዮሊኑን የላከችላት ሜሪላንድ የምትኖር አክስቷ ናት። በኢንተርኔት የተገዛ፣ ሙሉ መጠን ያለው የፋብሪካ ዕቃ ነው። በሰው ሻንጣ ነው የገባው። እንዲህ ያሉት ብዙ ጊዜ ብሪጃቸው ወልቆ ነው የሚመጡት፤ ቆሞ ቢጓዝ መንገድ ላይ የቫዮሊኑን ደረት ሊጎዳ ይችላል። የዚህም ብሪጅ በስስ ወረቀት ተጠቅልሎ ሳጥኑ ኪስ ውስጥ ተቀምጦ ነበር።

ለማያውቅ አንባቢ፦ ብሪጅ ማለት አራቱን ክሮች (ከወፍራሟ ወደ ቀጭኗ «ጂ»፣ «ዲ»፣ «ኤ»፣ «ኢ») ተሸክማ ደረቱ ላይ የምትቆመው ስስ የሜፕል እንጨት ናት። በኮላ አትጣበቅም። ቀጥ አድርጎ የያዛት የክሮቹ ጫና ብቻ ነው። አዲስ ስትመጣ ደግሞ ሆን ተብሎ ከሚያስፈልገው በላይ ወፍራምና ረጅም ሆና ነው። ለእያንዳንዱ ቫዮሊን በልኩ መቆረጥ አለባት። ይህን የሚናገር ወረቀት ሳጥኑ ውስጥ አልነበረም። አባትየው ብሪጁን እንደመጣ አቆሙት፣ ክሮቹን ወጠሩ፣ ልጅቷም ትምህርት ጀመረች።

ችግሩ

እኔ ጋ ሲመጡ ስምንት ወር ተምራለች። የምትማረው ሌላ መምህር ጋ ነበር። አመጣጧ ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት የመግባት ሐሳብ ስላላት ልምምዷን ጠበቅ ለማድረግ ነው። ስምንት ወር ለተማረ ሰው ግን ድምፁ ልክ አልነበረም። «ኤ» ክር ላይ ስትጫወት ደጋኑ «ዲ»ን ይነካል። የግራ እጇ ጣቶች ጫፍ ላይ የጠለቀ ቀይ መስመር አለ። ኖታዎቹ ሁሉ ትንሽ ወደ ላይ ያፈነግጣሉ።

ስለ ሕመሙ ስጠይቃት እንዲህ አለችኝ፦ «ቲቸር፣ የሚብሰው አንደኛ ጣቴ ነው። ሦስተኛው ያን ያህል አይደለም።»

ሰማኋት። ማስታወሻዬ ላይም ጻፍኩት። ግን ልብ አላልኩትም። ይህቺን ዓረፍተ ነገር አንባቢ ይያዝልኝ።

ከዚያ በፊት የተሞከረው

አባትየው ዝም ብለው አልተቀመጡም። ጊታር የሚጠግን ሰው ጋ ወስደውት ነበር። ያ ሰው ክሮቹ ከፍ ማለታቸውን በትክክል አይቷል። መፍትሔው ግን የጊታር ሆነ። የብሪጁን አናት ከማውረድ ይልቅ ክሮቹ የሚያርፉባቸውን ጎድጓዶች ወደ ታች ቆፈራቸው። «ኤ» ክር ሙሉ በሙሉ እንጨቱ ውስጥ ሰምጦ ነበር። ቫዮሊን ላይ የክሩ ውፍረት ሲሦ ያህል ብቻ ነው ጎድጓዱ ውስጥ መቀመጥ ያለበት። ከዚያ ሲጠልቅ እንጨቱ ክሩን ቆንጥጦ ይይዘዋል፣ ድምፁ ይታፈናል፣ ክሩም ቶሎ ይበጠሳል። እነሱም ሁለት ጊዜ «ኤ» ክር ገዝተዋል።

አራቱም በእኩል አልተቆፈሩም። «ኤ» ከጎረቤቶቹ ይልቅ ዝቅ አለ። ደጋኑ «ዲ»ን የሚነካው ለዚህ ነበር። ልጅቷ ግን ጥፋቱ የክንዷ ይመስላት ነበር። መምህሯም ክርኗን ከፍ እንድታደርግ ሲነግራት ከርሟል።

ልኬት

መጀመሪያ ምንም ሳልነካ ለካሁ። ከክሩ ሥር እስከ ጥቁሩ ጣት ማሳረፊያ (ፊንገርቦርድ) ጫፍ ያለው ክፍተት እንዲህ ነበር፦ «ጂ» 7 ሚሊ ሜትር፣ «ዲ» 7፣ «ኤ» 5.6፣ ቀጭኗ «ኢ» 5.5። ለሙሉ መጠን ቫዮሊን የምፈልገው «ጂ» 5 ገደማ፣ «ዲ» 4.5፣ «ኤ» 4፣ «ኢ» 3.5 ነው። የ«ኢ» ክር ብረት ስለሆነችና ብዙ ስለማትወዛወዝ ዝቅ ብትል ትችላለች። ወፍራሟ «ጂ» ግን ለመወዛወዝ ቦታ ትፈልጋለች።

ብሪጁ የቆመበትም ቦታ ልክ አልነበረም። የኤፍ ቅርጽ ባላቸው ቀዳዳዎች ጎን ትንንሽ ቁርጦች አሉ። ብሪጁ የሚቆመው በሁለቱ ውስጠኛ ቁርጦች ትይዩ ነው። ከደረቱ የላይኛው ጠርዝ ሲለካ 195 ሚሊ ሜትር አካባቢ ይመጣል። የዚህ 201 ነበር። አባትየው በዓይናቸው ገምተው ነው ያቆሙት፣ ስድስት ሚሊ ሜትር ደግሞ በዓይን አይያዝም። በዚያ ላይ ፊቱ ዞሯል። ጠፍጣፋው ፊት ወደ ክሮቹ ማሰሪያ፣ ወደ አገጭ በኩል መሆን ነበረበት።

አንገቱን ፈተሽኩ። ረጅም ማስመሪያ በፊንገርቦርዱ ላይ አስተኝቼ ብሪጁን የሚነካበትን ከፍታ ለካሁ። ከደረቱ 26.5 ሚሊ ሜትር መጣ። 27 አካባቢ ነው የሚፈለገው፤ ደህና ነው። ይህ ልኬት ከ25 በታች ቢሆን ኖሮ ብሪጁን ባልነካሁት። አንገቱ ወድቋል ማለት ነው፤ ያ ደግሞ የእኔ ሥራ አይደለም።

ውስጠኛዋ ምሰሶም፣ ሳውንድ ፖስት የምትባለው፣ ቆማለች። በስልክ መብራት በቀዳዳው አየኋት። ፈረንሳዮችና ጣሊያኖች «ነፍስ» ይሏታል። ክሮቹ በሙሉ ሲላሉ ልትወድቅ ስለምትችል አባትየው ዕድለኛ ናቸው።

ይህን ሁሉ ለካሁ። አንድ ነገር ግን አልለካሁም። ወደ እሱ እመጣለሁ።

ሥራው

የተቆፈረውን ብሪጅ ማዳን አይቻልም ነበር። ከሰው ያስመጣኋቸው ሦስት ያልተቆረጡ ብሪጆች ነበሩኝ፣ አንዱን አወጣሁ።

ብዙ ሰው ብሪጅ ሲባል የሚያስበው አናቱን ነው። ጊዜ የሚወስደው ግን እግሩ ነው። የቫዮሊን ደረት ጎበጥ ያለ ስለሆነ ሁለቱ እግሮች ጉብታውን ተከትለው መቀመጥ አለባቸው፣ ወረቀት እንኳ በሥራቸው ማለፍ የለበትም። አንዳንዱ የእንጨት ማለስለሻ ወረቀት ደረቱ ላይ አንጥፎ ብሪጁን ወዲያ ወዲህ ይፈትገዋል። ቶሎ ያልቃል፣ ግን እግሩን ያሞላልጠዋል፤ ጠርዙ ይከብባል፣ መሐሉ ብቻ ይነካል። እኔ ካርቦን ወረቀት እጠቀማለሁ፣ ያንን የደረሰኝ ካርቦን። ጥቁሩን ፊት ወደ ላይ አድርጌ ደረቱ ላይ አነጥፋለሁ፣ ብሪጁን በትክክለኛው ቦታ አቁሜ በጣም ትንሽ አነቃንቀዋለሁ። እግሩ ላይ ጥቁር ነጥብ ያረፈበት ቦታ ከፍ ያለው ነው። ያንን ብቻ በስለታም ቢላ እልጣለሁ። እንደገና። እንደገና። መጀመሪያ ሁለት ነጥብ ብቻ ይጠቁራል። ኋላ ነጥቦቹ ይበዛሉ፣ ይሰፋሉ፣ ሲያልቅ እግሩ በሙሉ ግራጫ ይሆናል። ለዚህ ቫዮሊን ሁለት ምሽት ፈጀብኝ። አንዱ ምሽት መብራት ጠፍቶ በስልክ ብርሃን ነበር፣ ለማንም አልመክርም።

ቀጥሎ ቁመቱ። እዚህ ላይ አንድ ሒሳብ ይጠቅማል። የሚንቀጠቀጠው የክር ርዝመት 328 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፣ ፊንገርቦርዱ ደግሞ 270። ስለዚህ ጫፉ ላይ ክሩን 1 ሚሊ ሜትር ለማውረድ ከብሪጁ አናት 1.2 ያህል መቁረጥ ያስፈልጋል። ይህን የማያውቅ ሰው «ገና አልወረደም» እያለ ደጋግሞ ይቆርጣል፣ መጨረሻ ላይ ያልፈዋል። አናቱን የፊንገርቦርዱን ጉብታ ተከትዬ አከበብኩት። ከ«ጂ» እስከ «ኢ» 33.5 ሚሊ ሜትር ለክቼ መሐሉን ለሦስት ከፈልኩ። የአናቱን ውፍረት ወደ 1.3 አወረድኩ። ጎድጓዶቹን በቀጭን ሞረድ ነካ ነካ አደረግኳቸውና የእርሳስ ዱቄት ቀባሁ። ክር ሲቃኝ እንዲንሸራተት ነው፤ ካልተንሸራተተ ብሪጁን ወደ ፊት ይጎትተዋል።

ክሮቹን በተራ፣ ቀስ በቀስ ወጠርኩ። «ጂ» 5፣ «ዲ» 4.5፣ «ኤ» 4፣ «ኢ» 3.2። በሚያምር እጅ የተሠራ ባይሆንም ልክ ነበር።

ያልሠራው

ልጅቷ መጣችና ሞከረችው። ደጋኑ ከክር ወደ ክር ንጹሕ ሆኖ አለፈ። ሦስተኛ ፖዚሽን ላይ፣ ማለትም ግራ እጇ ወደ ብሪጁ ጠጋ ብሎ ሲጫወት፣ ፊቷ በራ። ከዚያ ወደ ታች ወርዳ አንደኛ ጣቷን «ኤ» ላይ ስታደርግ ግን ፊቷን አጨማደደች።

«አሁንም ነው?»

«ትንሽ ይሻላል፣ ግን ያው ነው ቲቸር።»

አባትየው ዓይን ዓይኔን ያዩኛል። «ወንድሜ፣ ምናልባት ክሩ ይሆን?» አሉ። እኔም ብሪጁን ትንሽ ላውርደው ወይ ብዬ ቢላ አነሣሁ። ያን ጊዜ ነው የመጀመሪያ ቀን የነገረችኝ ትዝ ያለኝ። አንደኛ ጣት ነው የሚብሰው፣ ሦስተኛው አይደለም። ችግሩ የብሪጅ ቢሆን ኖሮ የሚገላበጥ ነበር፤ ክሩ ወደ ብሪጅ በተጠጋ ቁጥር ከፍ ስለሚል ወደ ላይ ሲወጣ ነበር የሚብሰው። እሷ የነገረችኝ ሌላኛውን ጫፍ ነው።

ሌላኛው ጫፍ ነት ይባላል። ከመቃኛዎቹ ዝቅ ብሎ ክሮቹ የሚያርፉበት ትንሽ ጥቁር እንጨት ነው። ጎረቤቴ መካኒክ ነው። የካንዴላ ክፍተት የሚለካባቸውን ስስ ብረቶች ተዋስኩት። «ኤ» ክር ነቱ አጠገብ ከፊንገርቦርዱ 1.2 ሚሊ ሜትር ከፍ ብሎ ነበር። መሆን የነበረበት 0.3 ወይም 0.4 ነው። ፋብሪካው ብሪጁን እንዳልቆረጠው ሁሉ ነቱንም ሳይጨርስ ነው የላከው።

ማታ ቁጭ ብዬ አሰላሁት። አንደኛ ጣት የምታርፈው ከነቱ 36 ሚሊ ሜትር ያህል ርቃ ነው። ሲመጣ በዚያ ቦታ «ኤ» ክር ከእንጨቱ ወደ 1.8 ሚሊ ሜትር ይርቅ ነበር። እኔ ሁለት ምሽት ሠርቼ ብሪጁን ካወረድኩ በኋላ 1.57 ሆነ። ያ ሁሉ ልፋት እሷ የታመመችበት ቦታ ላይ ያስገኘው 0.2 ሚሊ ሜትር ብቻ ነበር። ነቱ ሲስተካከል ደግሞ 0.84 ይሆናል።

ነቱን ለማስተካከል 40 ደቂቃ አልፈጀም። ፊንገርቦርዱን በፕላስተር ሸፈንኩ፣ ጎድጓዶቹን ወደ መቃኛዎቹ ዘቅዘቅ አድርጌ በሞረድ አወረድኩ፣ የተረፈውን የነቱን አናት ቀነስኩ። ልኬቱን የተቆጣጠርኩት በቢዝነስ ካርድ ነው። ካርዱ በክሩና በእንጨቱ መሐል ጥብቅ ብሎ ሲያልፍ ሞረዴን አስቀመጥኩ። ለ«ጂ» ትንሽ ከፍ አድርጌ ተውኩት። እዚህ ላይ ማለፍ አደገኛ ነው። አንድ የሞረድ ምት ሲበዛ ክሩ ያለ ጣት ሲመታ ፊንገርቦርዱን እየነካ ይንዛረጣል።

መንዛረጡ

ጉዳዩ እዚህ ቢያልቅ ደስ ይለኝ ነበር። በዘጠነኛው ቀን አባትየው ደወሉ። «ኢ» ክር ጠንከር ብላ ስትጫወት ትዝዝ ትላለች።

በገና ቢሆን ይህ ችግር አይደለም። በገና ላይ ክሩና ብርኩማው መሐል የሚገባው ቁራጭ ቆዳ፣ እንዚራው፣ ያንን ጥዝታ ሆን ብሎ ይፈጥራል፤ ያለ እሱ በገና በገና አይሆንም። ቫዮሊን ላይ ግን በሽታ ነው።

ለካሁት። «ኢ» 2.7 ሆናለች። ቀጭኗ የብረት ክር የብሪጁን እንጨት እንደ መጋዝ በልታ ወርዳለች። ጥፋቱ የእኔ ነበር። መጀመሪያውኑ 3.2 ላይ ጨርሻት ስለነበር የምትሰምጥበት ትርፍ አልቀረም። ሱፐር ግሉና የሜፕል ዱቄት ደባልቄ ጎድጓዱን ሞላሁት። ለሦስት ሳምንት ሠራ፣ ከዚያ ያው ሆነ።

ሁለተኛውን ብሪጅ አወጣሁ። ካርቦኑ፣ ቢላው፣ ሁለት ምሽት እንደገና። በዚህኛው «ኢ»ን 3.8 ላይ ተውኳት። ጎድጓዱ ላይ ደግሞ ብራና ለጠፍኩ። የቫዮሊን ሠሪዎች ለዚህ ቦታ ብራና መጠቀማቸውን አውቅ ነበር፣ ግን ከውጭ የሚመጣ ነገር ይመስለኝ ነበር! ብራና ላይ የሚሥል ጓደኛ አለኝ። ከፍየል ብራናው ጠርዝ የጣት ጥፍር የምታክል ቁራጭ ቆርጦ ሰጠኝ። ውኃ አስነክቼ አለሰለስኩት፣ በቆዳ ኮላ ለጥፌ አደረቅኩት። ከሳምንት በኋላ «ኢ» 3.6 ላይ ረጋች።

ከዚያ በኋላ

ሕመሙ በሁለት ሳምንት ውስጥ ጠፋ። ያልጠበቅኩት ነገር ግን መጣ፤ ልጅቷ ወደ ታች ማፈንገጥ ጀመረች። ምክንያቱ ቀላል ነው። ከፍ ያለ ክር ሲጫን ይለጠጣል፣ ድምፁ ይወጣል። እሷም ስምንት ወር ሙሉ ሳታውቀው አንደኛ ጣቷን ወደ ኋላ እየሳበች ስታካክስ ነበር። ክሩ ሲስተካከል ጣቷ የድሮ ቦታው ላይ ቀረ። ልኩን እስክትለምድ አንድ ወር ተኩል ሠርተናል። መሣሪያው በአንድ ሳምንት ይስተካከላል፣ ጆሮና ጣት ግን አብረው አይስተካከሉም። ለሚቀጥለው ተማሪ ይህን አስቀድሜ እነግራለሁ። እሷ ግን ባሰብኝ ብላ አልቅሳ ነበር።

ነሐሴ ላይ ዝናቡ ሲበረታ እንደገና ለካሁ። «ጂ» ከ5 ወደ 5.4 ወጥታለች። መቃኛዎቹ እርጥበት ስበው አልዞር ብለዋል። ብሪጁን አልነካሁትም። በክረምት የለካ ሰው በበጋ ይጸጸታል። ጥቅምት ላይ «ጂ» ወደ 5 ተመልሳለች።

ለሌላው ሰው የሚተርፈው

አሁን ቫዮሊን ሲመጣልኝ አስቀድሜ ነቱን ነው የምለካው። ከዚያ አንገቱን፣ ከዚያ ብሪጁን። አንድ ደቂቃ የሚፈጅ ልኬት ሁለት ምሽት ያድናል። ካሊፐር የሌለው ሰው ቢዝነስ ካርድና ማስመሪያ ይበቃዋል።

«ያማል» የሚል ተማሪ ሲመጣ የት እንደሚያም፣ በየትኛው ጣትና በየትኛው ፖዚሽን መጠየቅ ነው። ታች ብሶ ላይ ካነሰ ነት። ላይ እየባሰ ከሄደ ብሪጅ። በሁለቱም ከሆነ ሁለቱም፣ ወይም አንገት። ደጋኑ ሁለት ክር የሚነካ ከሆነ ደግሞ ክንዱን ከመውቀስ በፊት የብሪጁን ቅርጽ ማየት።

ብሪጅ ላይ ግማሽ ሚሊ ሜትር አትርፎ ጥቂት ቀን መጠበቅ ያዋጣል። አዲስ እንጨት ሲጫን ይሰምጣል፣ «ኢ» ላይ በተለይ። የተረፈውን በሁለተኛው ሳምንት መቁረጥ ይቻላል። የተቆረጠውን መመለስ ግን ያው ሱፐር ግሉ ነው።

ወላጆች ራሳቸው ሊያደርጉት የሚችሉት አንድ ነገር አለ። አራቱ ክሮች ተደምረው ከ20 ኪሎ በላይ ይወጥራሉ። በተቃኙ ቁጥር የብሪጁን አናት ወደ ፊት ይስቡታል። በሳምንት አንድ ጊዜ ከጎን ማየትና ያዘነበለ እንደሆነ አናቱን በሁለት እጅ ይዞ ቀስ ብሎ ወደ ኋላ መመለስ ነው። ክር ሲቀየርም አንድ በአንድ፣ አራቱን ባንዴ ሳያወልቁ። አባትየው ይህን ካሳየኋቸው ወዲህ ሥራዬ ብለው ይዘውታል። እሑድ ጠዋት ቡና እስኪፈላ መነጽራቸውን አድርገው ብሪጁን ከጎን ያዩታል፣ ከዚያ ፎቶ አንሥተው ይልኩልኛል።